የድንቅነሽ ጎረቤቶች፦ በኢትዮጵያ ምድር ኖረው የጠፉ ሥጋ በል አጥቢዎች

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ በተገኘችው በድንቅነሽ የዳሌ አጥንት ላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ አለች። የሥጋ በል እንስሳ ጥርስ ያረፈባት ምልክት ናት። የትኛው እንስሳ እንደነከሳት ከጉድጓዷ ብቻ መናገር አይቻልም፤ ተጠርጣሪዎቹ ግን ብዙ ናቸው። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በአፋር ወንዞችና ሐይቆች ዳር ሰይፈ ጥርስ ድመቶች ያደቡ ነበር፤ ጅቦች ነበሩ፤ ድብ የሚያህል ኦተርም (ዛሬ ውሃ ዳር የሚኖር ሥጋ በል አጥቢ) ነበር። ስለ ድንቅነሽ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። እሷ እየፈራች ዛፍ ላይ ያደረችባቸውን እንስሳት በስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ይህ ደግሞ ይቆጨኛል። ስለዚህ ዳሰሳው ስለ እነሱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥርስ የያዘው መዝገብ

የሥጋ በሎች ቅሪተ አካል የትም ቦታ ብርቅ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ አንበሳ ጠግቦ የሚያድርበት ሜዳ ብዙ መቶ ሣር በል እንስሳትን መቀለብ አለበት፤ በሕይወት ጥቂት የሆነ ደግሞ በአለት ውስጥም ጥቂት ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአጋዘን ወገን፣ የአሳማና የጉማሬ አጥንት በብዛት ሲለቅሙ ውለው የአዳኝ እንስሳ ጥርስ አንድ እንኳን ቢያገኙ ቀኑ የተሳካ ነው። የሚገኘውም በአብዛኛው ጥርስና የመንጋጋ ስባሪ ነው። የጥርስ ልባስ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ የጠነከረ በመሆኑ አጥንቱ እንስሳ ረግጦት፣ ውሃ አንከባሎት፣ ፀሐይ ሰነጣጥቆት ሲያልቅ ጥርሱ ይተርፋል።

የኦሞ ሹንጉራ አለት ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ውፍረት አለው። ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለውን ጊዜ ንጣፍ በንጣፍ ይዟል። በየመሃሉ የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜው ሊለካ ስለሚችል፣ በሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል የተገኘ ጥርስ መቼ የኖረ እንስሳ እንደሆነ በልበ ሙሉነት ይነገራል። ከ1967 እስከ 1976 በዘለቀው ዓለም አቀፍ ጉዞ ካሚል አራምቡር፣ ኢቭ ኮፔንስና ክላርክ ሃውል የመሩዋቸው ቡድኖች እዚህ ሠርተዋል። ሃውል ከፈረንሳዊቷ ዠርሜን ፔቴር ጋር ሆኖ የኦሞን ሥጋ በሎች ያጠናው በዚያው ዘመን ነው።

ከጥርስ ይህን ያህል ማወቅ የሚቻለው ለምን እንደሆነ ለመረዳት የቤት ድመት ማየት ይበቃል። ጠንከር ያለ ሥጋ ሲሰጣት አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ በጉንጯ በኩል ትነክሳለች። እዚያ ጋ በየጎኑ አንድ የላይና አንድ የታች ጥርስ እንደ መቀስ ተላልፈው ሥጋውን ይቆርጣሉ። ውሻም፣ ጅብም፣ ድብም፣ ጥርኝም ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የመጡ ስለሆኑ እነዚሁ ሁለት ጥርሶች አሏቸው። ልዩነቱ ከእነሱ በስተኋላ ያሉት መንጋጋ ጥርሶች ምን እንደሆኑ ላይ ነው። ድመት ጨርሳ ጥላቸዋለች ማለት ይቻላል፤ ድብ አስፍቷቸው ሥርና ፍራፍሬ ይፈጭባቸዋል።

ከእነዚህ በፊት ግን አፍሪካን የገዙት ሌሎች ነበሩ። ሃያኖዶን የሚባሉት ሥጋ በሎች ስማቸው ጅብን ቢያስታውስም የጅብ ዘመድ አይደሉም። እነሱ ከመንጋጋ ጥርሶቻቸው ብዙዎቹን ወደ መቀስ ለውጠዋቸዋል። ሥጋ ለመቁረጥ ይህ ግሩም ነው፤ ሌላ ምግብ ለመፍጨት የሚተርፍ ጥርስ ግን አይኖርም። በግብፅ ፋዩም በረሃ ከተገኙት መካከል በ2025 በሸሩቅ አል-አሽቀር የሚመራ ቡድን ባስቴቶዶን ብሎ የሰየመው የ30 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ይገኝበታል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የኬንያው ሲምባኩብዋ ነው። ሜስዋ ብሪጅ ከሚባል ቦታ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ በናይሮቢ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጦ ነበር። ማቲው ቦርትስ መሳቢያውን ሲከፍት ያጋጠመው መንጋጋ ከአንበሳ መንጋጋ እጅግ የሚበልጥ ነበር፤ በ2019 ከናንሲ ስቲቨንስ ጋር ሆነው ለዓለም አስተዋወቁት። ስሙ በስዋሂሊ «ታላቁ አንበሳ» ማለት ነው። የኖረው ከ22 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ክብደቱን ከጥርሱ ለማስላት ሲሞከር አንዱ ቀመር እስከ 1,500 ኪሎ ሲያደርሰው ሌላው ከ300 ኪሎ በታች ያወርደዋል። ጥርስ ብዙ ይናገራል፤ ዘመድ የሌለውን እንስሳ ግን መመዘን አይችልበትም።

አንበሳ የሚያህለው ኦተር

ኦተር ዛሬም በኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች አለ። ረዥም ገላና አጭር እግር ያለው፣ ሸርጣንና ዓሣ እያደነ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሠላሳ ኪሎ አይሞላም። በ2011 ዴኒ ዠራድና ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ከባልደረቦቻቸው ጋር የድንቅነሽ ወገን የሆነችው የሕፃኗ ሰላም አጥንት ከተገኘባት፣ አፋር ውስጥ ካለችው ከዲኪካ የወጣ የጥንት ኦተር አስተዋወቁ። ኤንሃይድሪዮዶን ዲኪኬ አሉት፤ ቦታዋ በስሙ ገባች ማለት ነው። ይህ እንስሳ ድብ ያህል ነበር።

በዚህም አላበቃም። በ2022 ካሚል ግሮሄ የመራችው ጥናት ከታችኛው ኦሞ የተገኘውን ዘመዱን ኤንሃይድሪዮዶን ኦሞኤንሲስ ብሎ ሰየመው። ክብደቱ ከ200 ኪሎ በላይ ተገምቷል፤ እስከ ዛሬ ከታወቁት ኦተሮች ሁሉ ትልቁ ነው። ከ3.5 እስከ 2.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ በኦሞ ዳር በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄድ ከነበረው የሰው ወገን ጋር አንድ ውሃ ጠጥቷል።

ታዲያ እንደዛሬው ዘመዱ ውሃ ውስጥ ይውል ነበር? ተመራማሪዎቹ መልሱን የፈለጉት በጥርሱ ልባስ ውስጥ በታሸገው ኦክስጅን ነው። ውሃ ውስጥ የሚውል እንስሳ፣ ለምሳሌ ጉማሬ፣ በጥርሱ የሚያኖረው የኦክስጅን ዓይነት ድርሻ የብስ ላይ ከሚውለው ይለያል። የኦሞው ኦተር ጥርስ የተመሳሰለው ከየብስ እንስሳት ጋር ነው። በጥርሱ ያለው ካርቦን ደግሞ ምግቡ ብዙ ዓይነት እንደነበር ያሳያል። ስለዚህ ይህን እንስሳ ስናስብ ወንዝ ውስጥ የሚጠልቀውን ትተን፣ በወፍራም እግሩ ሜዳ የሚያቋርጠውን፣ ጠንካራ ነገር በሚሰብር ድፍን ጥርሱ ያገኘውን የሚያደቅቀውን ማሰብ አለብን። እኔ በበኩሌ በኢትዮጵያ ቅሪተ አካላት መካከል ይህን የሚስተካከል እንግዳ ፍጡር አላውቅም።

ሰይፈ ጥርሶቹ

ሰይፈ ጥርስ ሲባል ብዙ ሰው ነብር ይመስለዋል። የድመት ወገን መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከነብርም ከአንበሳም ቀድሞ የተለየ ቅርንጫፍ ናቸው። ከሐዳር የተገኘውን ፔቴርና ሃውል በ1988 ሆሞቴሪየም ሐዳሬንሲስ ብለው ሰይመውታል። የላይ ክራንቻዎቹ ከጎን ሲያዩአቸው ስስ ናቸው፤ ጠርዛቸው ላይ ጣት ቢሄድ እንደ ማጭድ ስለት የተነቀሰ ሆኖ ይሰማል። አጥንት ለመስበር የተሠሩ አይደሉም፤ አጥንት ቢያገኛቸው ይሰበራሉ። ለስላሳ ሥጋን ለመቅደድና ደም ለማፍሰስ ነው የሚያገለግሉት። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው እንደ ጅብ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል።

በአብዛኛው በአጥንት ብቻ የምናውቀው ይህ እንስሳ በ2020 ባልተጠበቀ መልክ ብቅ አለ። በሳይቤሪያ ያኩቲያ፣ በባድያሪኻ ወንዝ ዳር፣ ከበረዶ ውስጥ የሆሞቴሪየም ግልገል ከነቆዳው ወጣ። ሲሞት የሦስት ሳምንት ዕድሜ ነበረው። ጥቁር ቡናማ ጸጉር፣ ትናንሽ ጆሮዎች፣ ሰፊ መዳፎችና ከአንበሳ ግልገል የወፈረ አንገት አለው። የኖረው ከ35,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። በአፍሪካ የነበሩት ዘመዶቹ ያኔ ከጠፉ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ከሆሞቴሪየም ጎን ዲኖፌሊስ የሚባል ሌላ ድመት በኦሞም በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ሥፍራዎችም ይገኛል። ከግስላ ገዝፎ ከአንበሳ ያነሰ፣ ፊት እግሩ የጠነከረ ነው። በአንድ ወቅት የቀደምት ሰዎች ልዩ አዳኝ ነው ተብሎ ስሙ ጠፍቶ ነበር። በኋላ ከደቡብ አፍሪካ ዋሻዎች በተገኙት ጥርሶቹ ላይ የተደረገው የኬሚስትሪ ምርመራ ግን በአብዛኛው ሣር በል እንስሳትን ይበላ እንደነበር አመልክቷል።

ጅቦች፣ ድብና ጥርኝ

ጅብ ዛሬ አራት ዝርያ ብቻ የቀረው ቤተሰብ ነው፤ ድሮ ግን በደርዘን የሚቆጠሩ ነበሩ። ካስማፖርቴቴስ የተባለው ቀጭን እግር ያለው ሯጭ ነበር፤ ከጅቦች ሁሉ ወደ አሜሪካ የተሻገረ እሱ ብቻ ነው። የዛሬው ዝንጉርጉር ጅብ ዘመዶች ደግሞ እንደ ሐረር ጅብ አጥንት ሰባሪዎች ነበሩ። ለቅሪተ አካል ተመራማሪ ጅብ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። በራሱ አጥንት ይጠቅማል፤ በእዳሪውም ይጠቅማል። አጥንት ስለሚበላ እዳሪው ኖራ የሞላበት ነጭ ነው፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ አንዳንዴም ድንጋይ ይሆናል። በደቡብ አፍሪካ ግላዲስቬል ዋሻ ከ200,000 ዓመት በፊት ገደማ የነበረ የጅብ እዳሪ ውስጥ የሰው የሚመስል ጸጉር መገኘቱ በ2009 ይፋ ሆኗል።

አፍሪካ ዛሬ ድብ የላትም። ከአምስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን በመካከለኛው አዋሽ አግሪዮቴሪየም የተባለ ግዙፍ ድብ ነበር። ከዚያው አካባቢ፣ ከአዱ-አሳ አለት፣ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 ፕሌሲዮጉሎ ቦቶሪ ብለው የሰየሙትን እንስሳ አስተዋውቀዋል፤ ዛሬ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ቀዝቃዛ አገሮች የሚኖረው፣ ትንሽ ድብ የሚመስለው የዎልቨሪን ዘመድ ነው። ዮሐንስን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከቀደምት ሰዎች ግኝቶቹ ጋር ነው፤ በሥጋ በሎች ላይ የሠራው ሥራ ግን ከዚያ የማያንስ ከበሬታ ይገባዋል። ለዝባድ አርቢዎች ደግሞ የሚገርም ነገር ልጨምር፦ በምሥራቅ አፍሪካ ከዛሬው ጥርኝ በእጅጉ የሚገዝፍ ጥርኝ ኖሯል፤ ከታንዛኒያ ላኤቶሊ የተገኘው በፔቴር የተሰየመው በ1963 ነው።

ሥጋ በል የበዛበት ጉድጓድ

ሥጋ በል ብርቅ ነው ያልኩት ደንብ የሚፈርስበት አንድ ቦታ አለ። በሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የኢትዮጵያውያን ሰፈር በእግር ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት፣ ላ ብሬያ የሚባሉ የሬንጅ ጉድጓዶች አሉ። ከምድር የሚወጣው ሬንጅ ላይ አንድ ሣር በል ሲጣበቅ ጩኸቱ አዳኞችን ይጠራል፤ እነሱም ይጣበቃሉ፤ የእነሱ ሬሳ ደግሞ ሌሎችን ይጠራል። ከዚያ ከወጡት ትላልቅ አጥቢዎች አብዛኞቹ ሥጋ በሎች የሆኑት ለዚህ ነው። ከ4,000 በላይ ዳየር ዉልፍ የተባሉ ተኩላዎችና ከ2,000 በላይ ስሚሎዶን የተባሉ ሰይፈ ጥርሶች ተቆጥረዋል። በሙዚየሙ አንድ ግድግዳ ላይ 404 የተኩላ የራስ ቅሎች ተደርድረዋል። እዚያ ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ልጆቹን ይዞ ቢያየው መልካም ነው።

ለምን ጠፉ?

የምሥራቅ አፍሪካ ትላልቅ ሥጋ በሎች ቁጥር መመናመን የጀመረው ከአራት ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። በ2020 ሶረን ፋውርቢና ላርስ ዌርደሊን ከሌሎች ጋር ባወጡት ጥናት የዝርያዎቹን መጥፋት ከዝናብና ከሙቀት ለውጥ ይልቅ ከደን መመናመንና ከቀደምት ሰዎች አንጎል መግዘፍ ጋር አብሮ የሚሄድ ሆኖ አግኝተውታል። ሐሳባቸው አባቶቻችን አዳኞቹን ገደሉ የሚል አይደለም። ተሰባስበው፣ ድንጋይ ወርውረው፣ ሌላው የገደለውን ቀምተው መብላት ከቻሉ ብዙ ሥጋ የሚፈልገው አዳኝ ይራባል። በ2018 ታይለር ፌይዝና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት በሌላ በኩል የግዙፍ ሣር በሎች መመናመን ከ4.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት መጀመሩን አሳይቶ ምክንያቱን ወደ ሣር ምድር መስፋፋት አድርጎታል። ለእኔ ሁለቱ የሚጣሉ አይመስሉኝም። የሚታደነው እያነሰ የሚሻማው ከበዛ ሰይፈ ጥርስ ምን ይብላ?

ከጠፉት መካከል ሳይጠፋ የቀረውም በመዝገቡ አለ። በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋ፣ መልካ ዋከና ላይ፣ ከ1.6 እስከ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካለው አለት አንድ የታችኛ መንጋጋ ግማሽ ተገኝቶ በ2023 ይፋ ሆኗል። የቀይ ቀበሮ መንጋጋ ነው፤ ለዚህ እንስሳ የመጀመሪያው ቅሪተ አካል። ከዚያ በፊት ቀይ ቀበሮ ወደ ደጋችን የመጣው በቅርብ ዘመን ነው የሚል ግምት ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው። ከመልካ ዋከና ብዙም በማይርቀው የሰኔቲ አምባ ላይ በማለዳ የሄደ ሰው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ የፍልፈል ጉድጓድ የሚያደባ ቀይ እንስሳ ያያል፤ መንጋጋውም ያው ቀጭኑ መንጋጋ ነው።