የልጅ ቀለብና የአባት መብት በኢትዮጵያ

እናትና አባት ሲለያዩ ልጁ ከማን ጋር ይደግ፣ ወጪውንስ ማን ይቻል የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በኢትዮጵያ ዋናው መልስ ያለው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ ደግሞ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የቀለብና የሞግዚትነት ጉዳይ ያያሉ።

ቀለብ ሲባል ብዙ ሰው ጤፍና ዘይት ብቻ ይመስለዋል። ሕጉ ግን መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትንም ይጨምራል። ባለመብቱ ልጁ ነው። እናት ገንዘቡን የምትቀበለው ልጁን ስለምታሳድግ እንጂ ለራሷ አይደለም። ስለዚህ "ከእሷ ጋር ተጣልተናል፣ አልሰጥም" የሚለው ምክንያት አያስኬድም። ግዴታው የአባት ብቻም አይደለም። ልጁ ከአባቱ ጋር የሚኖር ከሆነና እናት አቅም ካላት እሷም ቀለብ ትከፍላለች። ልጅም አድጎ ራሱን ሲችል የተቸገረ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ በሕግ አለበት።

ስንት ይቆረጥ ለሚለው የተቀመጠ ቀመር የለም። ዳኛው የልጁን ፍላጎትና የከፋዩን አቅም ይመዝናል። አባት ደመወዝተኛ ከሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ገቢው ከመሥሪያ ቤቱ ይጠየቃል። ሹፌር፣ ደላላ ወይም ነጋዴ ሲሆን ግን እናት ማስረጃ ፍለጋ ስትንከራተት ትከርማለች። የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ ልጁ እንዳይራብ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ የቀለብ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። የተቆረጠው ቀለብም ድንጋይ ላይ አልተጻፈም። ኑሮ ሲወደድ እንዲጨመር፣ ገቢ ሲቀንስ እንዲቀነስ ማመልከት ይቻላል። ሥራ ያጣ አባት ስልኩን ዘግቶ ከሚጠፋ ይህን ቢያደርግ ለእሱም ለልጁም ይሻላል።

ወደ አባት መብት ስንመጣ ሕጉ ብዙ ተለውጧል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከባድ ምክንያት ካልኖረ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይቆይ ይል ነበር። የ1992ቱ ሕግ ይህን የዕድሜ ገደብ አስቀርቶታል። አሁን ፍርድ ቤቱ የሁለቱንም ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ ከዚያም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ያያል። በተግባር ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ከእናታቸው ጋር ይቆያሉ። ቢሆንም አባት ልጁን የማሳደግ ጥያቄ ይዞ ቢቀርብ ወንድ ስለሆነ ብቻ የሚመልሰው ሕግ የለም። ልጁ ከእናቱ ጋር እንዲሆን ቢወሰን እንኳ አባት ልጁን እየሄደ የመጎብኘት መብቱ በውሳኔው ውስጥ መካተት አለበት። "ልጄን አታሳየኝም" የሚል አባት መሄድ ያለበት ወደ ፍርድ ቤት ነው። ቀለቡን ሲያቋርጥ የሚጎዳው ምንም ያላጠፋው ልጅ ነው። ቀለብ ዘገየብኝ ብላ ልጁን የምትደብቅ እናትም ያው ናት፤ ልጁን አባቱን ታሳጣዋለች።

የአባት መብት እስከ ምን ድረስ ነው? በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም የበታች ፍርድ ቤቶችን መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ይህን በደንብ ያሳያል። ልጁ እናቱ ሞታበት ከአክስቱ ጋር ይኖር ነበር። ያላሳደገው አባት መጥቶ ሞግዚትነት ጠየቀ። አንዱ ወላጅ ሲሞት ሞግዚትነቱ ለሌላው ያልፋል የሚለውን ድንጋጌ ይዘው የሥር ፍርድ ቤቶች ፈቀዱለት። ሰበር ግን ውሳኔውን ሻረው። ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ። የሰበር ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ይህ መዝገብ ዛሬም ይጠቀሳል። እኔ ተገቢ ፍርድ ነው እላለሁ። አባትነት በወረቀት ብቻ አይገኝም።

ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት በጋብቻ ከተወለደው እኩል ነው። ችግሩ የሚመጣው አባት ልጁን ሲክድ ነው። የአባት ስም መጠሪያ በሆነበት አገር ክህደቱ ከገንዘብም በላይ ያማል። ሕጉ አባትነት በፍርድ የሚታወጅባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። እናቲቱ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ፣ አገባሻለሁ ተብላ ተታልላ ከሆነ፣ ሰውየው አባትነቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ጽፎ ከሆነ፣ ወይም እንደ አባት ሆኖ ልጁን ሲረዳ ከቆየ ክሱ ይቀርባል። የዲኤንኤ ምርመራም በማስረጃነት ይቀርባል።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ከፍርድ በኋላ ያለው ነው። በኢትዮጵያ ቀለብን ተከታትሎ የሚሰበስብ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የለም። አባት ካልከፈለ እናት ፍርዱ እንዲፈጸምላት የሚጠየቅበትን የአፈጻጸም መዝገብ ከፍታ እንደገና ትመላለሳለች። ተቀጣሪ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከደመወዙ እንዲቆረጥ ያዛል። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛው ላይ የሚቆረጠው በድምሩ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይገድባል። አቅም እያለው ቀለብ የሚከለክል ሰው በወንጀል ሕጉም ሊጠየቅ ይችላል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት ሥርዓት ከዚህ ይለያል። እዚያ በየስቴቱ የቀለብ መሥሪያ ቤት አለ፤ ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ያለፈበት ወላጅ ፓስፖርት እስከ መከልከል ይደርሳል። እዚህ ለጠበቃ የሚከፍሉት የሌላቸው እናቶችም አባቶችም በዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት መጠየቅ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል።