«አንድ ኡማ» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ረመዳን ሲቃረብ በየዓመቱ አንድ ክርክር ይነሳል። ጨረቃ እዚህ ታየች፣ እዚያ አልታየችም ይባላል። ከዚያ ነገሩ ከጨረቃ ያልፍና ወደ ትልቁ ጥያቄ ይሄዳል። «የሙስሊሙ ኡማ አንድ ነው ትላላችሁ፤ ታዲያ በአንድ ቀን መጾም እንኳ ለምን አቃታችሁ?» ጥያቄው የሚመጣው ከሌላ እምነት ተከታዮች ብቻ አይደለም። ወጣት ሙስሊሞችም ከልባቸው አዝነው ይጠይቁታል።

ኡማ ማለት በእምነት የተሳሰረ የሙስሊሞች ማኅበረሰብ ነው። ቁርኣን ምእመናን ወንድማማቾች ናቸው ይላል። ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ምእመናንን በአንድ አካል መስለዋቸዋል፤ አንዱ ብልት ሲታመም ሌላው አካል አብሮት ያተኩሳል፣ እንቅልፍም ያጣል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ ከዚህ ተነስተን የምንደርስበት ድምዳሜ ላይ ነው። ይህ ማኅበረሰብ ያለ ልዩነት የኖረበት ዘመን የለም። መጠየቅ ያለበት ልዩነቱ እንዴት ተያዘ የሚለው ነው።

«ዒድ በተለያየ ቀን መዋሉ ኡማው ለመከፋፈሉ ማስረጃ ነው»

ይህ ልዩነት የመጣው በሶሃባዎች (በነብዩ ባልደረቦች) ዘመን ነው። ታሪኩ በሶሒሕ ሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ውስጥ አለ። ኩረይብ የሚባል ሰው ለጉዳይ ከመዲና ወደ ሻም፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ሶሪያ አካባቢ፣ ተላከ። የላኩት ኡሙል ፈድል ናቸው፤ የታላቁ ሶሃባ የኢብኑ ዐባስ እናት። ኩረይብ እዚያው እያለ ረመዳን ገባ። ጨረቃዋን ለዓርብ አጥቢያ አያት። የሻም ሰዎችም ከገዢያቸው ከሙዓዊያ ጋር ጾም ጀመሩ። በወሩ መጨረሻ መዲና ሲመለስ ኢብኑ ዐባስ መቼ እንዳዩ ጠየቁት። ነገራቸው። እሳቸውም «እኛ ግን ያየናት ለቅዳሜ አጥቢያ ነው፤ ሠላሳ እስክንሞላ ወይም ጨረቃዋን እስክናይ እንጾማለን» አሉት። ኩረይብ የሙዓዊያ ማየትና መጾም አይበቃም ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሳቸው «አይበቃም፤ የአላህ መልእክተኛ ያዘዙን እንዲህ ነው» የሚል ነበር።

ልብ በሉ፣ መዲናና ሻም ያኔ በአንድ መንግሥት ሥር ናቸው። በሁለቱም ቦታ ሶሃባዎች አሉ። ሆኖም ሁለት ቀን ተጾመ። ኡማው ፈረሰ ያለ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሊቃውንትም በጉዳዩ ላይ ተለያይተዋል። ብዙዎቹ የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ጎራ) ሊቃውንት እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን እይታ ይከተል ብለዋል። ከሐነፊ፣ ከማሊኪና ከሐንበሊ ወገን ብዙዎቹ ደግሞ አንድ ቦታ ከታየ ለሁሉም ይበቃል ይላሉ። ዛሬ ደግሞ የሥነ ፈለክ ስሌት ተጨምሯል። ቱርክ በስሌት ትሄዳለች፤ በሰሜን አሜሪካም በስሌት የሚጾሙ አሉ። ስለዚህ ሪያድ ያለችው እህት ዒድ ስታከብር ሚኒያፖሊስ ያለው ወንድሟ ገና እየጾመ ሊሆን ይችላል። ይህ ያለና የነበረ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በአንድ ሰፈር ያሉ ሁለት መስጂዶች በዚሁ ምክንያት ሰላምታ ሲነፋፈጉ ማየት ያማል። ጥፋቱ የጨረቃዋ አይደለም።

«አንድ መሆን ማለት በሁሉም ነገር መመሳሰል ነው»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ብዙው ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ627 ነብዩ ሶሃባዎቻቸውን በመዲና ወደሚኖረው የአይሁድ ጎሳ ወደ በኒ ቁረይዛ ሰፈር ሲልኩ፣ ማንም ሰው እዚያ ሳይደርስ ዐስርን (የከሰዓቱን ሶላት) እንዳይሰግድ አዘዙ። መንገድ ላይ የሶላቱ ወቅት ደረሰ። ገሚሶቹ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው ብለው ሳይሰግዱ ተጓዙ። ገሚሶቹ ደግሞ የተፈለገው እንድንፈጥን ነው ብለው እዚያው ሰገዱ። ነገሩ ለነብዩ ሲነገራቸው አንዳቸውንም አልወቀሱም። የአንድ ሰው ቃል፣ በአንድ ቀን፣ በቀጥታ የሰሙ ሰዎች በሁለት መንገድ ተረዱት። ሁለቱም ሳይነቀፉ ቀሩ።

ሌላው የሚና ታሪክ ነው። ሦስተኛው ኸሊፋ (ከነብዩ በኋላ የሙስሊሞች መሪ) ዑስማን በሐጅ ወቅት መካ አጠገብ ባለችው ሚና ላይ ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ሳያሳጥሩ ሙሉውን አሰገዱ። ከእሳቸው በፊት ነብዩም፣ አቡበክርም፣ ዑመርም እዚያ ቦታ ሁለት ሁለት ነበር የሚሰግዱት። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ ይህን ሲሰሙ በግልጽ ተቃወሙ። ከዚያ ግን ተነስተው ራሳቸው አራት ሰገዱ። ሰዎቹ ግራ ተጋቡ፤ ነቅፈው ሲያበቁ ለምን አራት ሰገዱ? «መለያየት ክፉ ነው» ብለው መለሱ። ሐሳባቸውን አልዋጡም፣ ሶፉንም (የሶላቱን ሰልፍ) አልሰበሩም። ስለ ኡማ አንድነት ከሰማሁት ሁሉ ይህ ያህል የሚበልጥብኝ ጥቂት ነው።

የማሊኪ መዝሀብ መሥራች ኢማም ማሊክም ሌላ ምሳሌ ናቸው። የዐባሲዩ ኸሊፋ አል መንሱር የማሊክን መጽሐፍ አስገልብጦ በየአገሩ ሊልክና ሁሉም በእሱ ብቻ እንዲሠራ ሊያዝ እንዳሰበ ይተረካል። ደራሲው ራሳቸው ከለከሉት። ሶሃባዎች በየአገሩ ተበትነዋል፣ ሕዝቡም ከእነሱ የደረሰውን ይዟል፣ ባለበት ተወው አሉት። የራሱ መጽሐፍ በመንግሥት ኃይል እንዲስፋፋ ዕድል አግኝቶ እምቢ የሚል ስንት ሊቅ አለ?

የአራቱን መዝሀብ ኢማሞች ብዙ ሰው እንደ ተቀናቃኝ ያያቸዋል። ሻፊዒ ግን የማሊክ ደረሳ (ተማሪ) ነበሩ። አሕመድ ኢብኑ ሐንበልም ከሻፊዒ ቀርተዋል (ተምረዋል)። በእኛም አገር ሐረር ሻፊዒ ሆና ኖራለች፤ ወሎ ላይ ሐነፊውና ሻፊዒው ጎን ለጎን ተቀርቷል። የወሎ ደረሳ ፊቅሁን (ሕጉን) ከአንዱ ሸይኽ፣ ነሕዉን (የዐረብኛ ሰዋስዉን) ከሌላው እየዞረ ነበር የሚቀራው።

ነገሩን አላሳምርም። መካ ውስጥ በከዕባ ዙሪያ አራቱ መዝሀቦች ለየብቻ ኢማም አቁመው በየተራ የሚሰግዱበት ዘመን ለመቶዎች ዓመታት ቆይቷል። የቀረው የሳዑድ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1924 መካን ከያዘ በኋላ ነው። እኛም ዘንድ በሱፊና በሰለፊ ስም፣ በመውሊድና በመስጂድ አስተዳደር ብዙ ልብ ተሰብሯል። በ2011 ዓ.ም. ኡለማዎቹ አዲስ አበባ ላይ አብረው ተቀምጠው በአንድነት ለመሥራት መስማማታቸው፣ በቀጣዩ ዓመትም የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ማግኘቱ ቀላል ነገር አልነበረም። ያ ስምምነት የመዝሀብን ወይም የአካሄድን ልዩነት አላጠፋም፤ እንዲያጠፋም አልታሰበም።

«የኡመቴ ልዩነት እዝነት ነው ብለዋል ነብዩ»

ይህ አባባል ከሚንበር (ከመስጂድ የስብከት መድረክ) ላይ ሳይቀር ይነገራል። ለነብዩ የሚያደርስ የዘጋቢዎች ሰንሰለት ግን የለውም። የሐዲስ ሊቃውንት ፈልገው አላገኙለትም። ሐሳቡን የወደዱ ብዙ ኡለማዎች አሉ፤ በሕግ ዝርዝር ላይ ከታየም ያስኬዳል። ግን ያላሉትን አሉ ማለት አይገባም። ደግሞም ልዩነት ሁሉ እዝነት አይደለም። ደም ያፋሰሰም አለ።

«ድሮ ኡማው ፍጹም አንድ ነበር፤ የተበታተነው በቅርብ ጊዜ ነው»

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1924 ነው። ያን ቀን የቱርክ ምክር ቤት የኦቶማንን ኸሊፋነት ሻረ። ለብዙዎች ከባድ ሐዘን ነበር። በ1926 ካይሮም መካም ላይ ጉባኤ ተጠርቶ ነበር፤ ጠብ የሚል ነገር ግን አልተገኘም።

ከዚያ በፊት ሁሉም አንድ ነበር ማለት ግን ታሪክን መዝለል ነው። ነብዩ ባረፉ በ24 ዓመት ውስጥ ሙስሊም ከሙስሊም የተዋጋበት የጀመል ጦርነት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ656። በማግስቱ ዓመት የሲፊን ጦርነት። በ680 ደግሞ የነብዩ የልጅ ልጅ ሑሰይን ከርበላ ላይ ተገደሉ። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ ዐባሲይ፣ ሰሜን አፍሪካ ላይ ፋጢሚይ፣ ኮርዶባ ላይ ኡመይይ፣ ሦስት ኸሊፋ በአንድ ጊዜ ነበር።

ታዲያ ምን ነበር ያያያዛቸው? ሐጅ፣ ትምህርት፣ ንግድ፣ የጋራ ቂብላ (የስግደት አቅጣጫ)። ኢብኑ ባጡጣ በ1304 ታንጂር ላይ የተወለደ ሞሮኳዊ ነው። በዘመኑ ባግዳድ በሞንጎሎች ከወደቀች ቆይታለች፤ ሁሉን የሚያዝ ኸሊፋ የለም። ሰውየው ግን የማሊኪ መዝሀቡን እንደያዘ ዴልሂ ገብቶ ቃዲ (ዳኛ) ሆነ፣ ማልዲቭስም ሄዶ ፈረደ። የትም ሲሄድ እንግዳ አልሆነም። መንግሥታቱ ተበታትነው ሳለ ኡማው በሥራ ላይ ነበር።

አንድ የቁርኣን አንቀጽ ደግሞ ልብ ይነካል። በአል ሑጁራት ምዕራፍ «ከምእመናን ሁለት ጭፍሮች ቢዋጉ አስታርቋቸው» የሚል መልእክት አለ። ሰይፍ የተማዘዙትን ሁለቱንም ምእመናን ብሎ ነው የጠራቸው።

«ሱኒና ሺዓ ሁለት ኡማ ናቸው፤ የሙስሊም አገሮች ጦርነትም ሁሉ የሱኒና የሺዓ ነው»

ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ የሚቃለል አይደለም። ግን ቁርኣናቸው አንድ ነው፣ ቂብላቸው አንድ ነው፣ ዐረፋ ላይ አብረው ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 የአል አዝሀሩ ሸይኽ ማሕሙድ ሸልቱት በሺዓው ጀዕፈሪ መዝሀብ መሠረት ዒባዳ መፈጸም እንደሚቻል ፈትዋ ሰጡ። በ2005 ደግሞ ዐማን ላይ ከብዙ አገር የመጡ ኡለማዎች ስምንት መዝሀቦችን ዘርዝረው፣ ከእነዚህ አንዱን የሚከተል ሙስሊም ነው፣ ካፊር ማለት አይፈቀድም ብለው ተስማሙ። አራቱ የሱኒ፣ ሁለቱ የሺዓ፣ የቀሩት ኢባዲና ዛሂሪ ናቸው።

ጦርነቱንስ ብናይ? ከ1980 እስከ 1988 በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ከኢራቅ በኩል የተዋጋው ወታደር አብዛኛው ሺዓ ነበር። በ1971 ባንግላዴሽ ከፓኪስታን ስትገነጠል በሁለቱም ወገን ያለው ሕዝብ አብዛኛው ሱኒ ነው። የተጣሉት በቋንቋ፣ በሥልጣን፣ በሀብት ነው።

«ሙስሊም ማለት ዐረብ ማለት ነው»

በአጭሩ፣ አይደለም። ከአምስት ሙስሊም አራቱ ያህል ዐረብ አይደለም። ብዙ ሙስሊም የሚኖረው ኢንዶኔዥያ፣ ፓኪስታን፣ ሕንድና ባንግላዴሽ ነው። ከሶሃባዎቹ መካከል ሐበሻው ቢላል፣ ፋርሳዊው ሰልማን፣ «ሮማዊው» የሚባለው ሱሐይብ ነበሩ። በመሰናበቻው ሐጅ የተነገረው ቃልም ግልጽ ነው፤ ዐረብ ዐረብ ካልሆነው፣ ነጭ ከጥቁር በአላህ ፍራቻ ካልሆነ በቀር አይበልጥም።

«ኡማው አንድ የሚያዝ መሪ አለው»

እስልምና እንደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ያለ አንድ የበላይ የለውም። የመካ ኢማም የመካ ኢማም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አል አቅሳ መስጂድ ላይ ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ ራባት ላይ የተመሠረተው የእስልምና ትብብር ድርጅትም የመንግሥታት ስብስብ ነው፤ 57 አባላት አሉት። ዩጋንዳና ጋቦን አባል ናቸው። እጅግ ብዙ ሙስሊም ያላቸው ሕንድና ኢትዮጵያ ግን አይደሉም። የኡማ ድንበር በአባልነት መዝገብ አይሰመርም።

«የኡማ ልጅ ለአገሩ ታማኝ አይሆንም፤ ከሌላ እምነት ተከታይም ጋር ወገን አይሆንም»

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም የሚከብደው ይህኛው ነው። ብዙ ሙስሊም በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ የታየው በዚህ ሐሳብ ነው።

መልሱ ደግሞ ከአክሱም ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ስደት የሸሹ ሙስሊሞች ወደ ክርስቲያኑ ንጉሥ ወደ ነጃሺ መጡ። ከእነሱ አንዷ ኡሙ ሰለማ ናቸው፤ በኋላ የነብዩ ባለቤት የሆኑት። በሲራ (በነብዩ የሕይወት ታሪክ) መጻሕፍት የቆየው ትረካቸው እንዲህ ይላል። በነጃሺ ላይ አንድ ሰው ተነሳበት፣ ዙፋኑንም ሊቀማው መጣ። ሙስሊሞቹ ከዚያ ቀን የበለጠ አዝነው አያውቁም ነበር። ጦሩ ከወንዝ ማዶ ነው። ወሬ የሚያመጣ ማን ነው ተባለ። ከሁሉም በዕድሜ ትንሽ ከነበሩት አንዱ ዙበይር ተነሳ። አቁማዳ ነፍተው ሰጡት፣ በደረቱ ይዞ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ። የቀሩት ደግሞ ነጃሺ ጠላቱን እንዲያሸንፍ ዱዓ ያደርጉ ነበር። ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ ሲመለስ የነበራቸውን ደስታ ኡሙ ሰለማ አልረሱትም።

የኡማው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ክርስቲያን በነገሠበት አገር ኖሩ፤ ለአገሩ ሰላምም ጸለዩ። መካ ያሉ ወንድሞቻቸውን አልረሱም፤ ያስጠጋቸውንም ምድር አልከዱም። ሁለቱ አልተጣሉባቸውም።

መዲና ላይም ነብዩ ከጎሳዎቹ ጋር ያደረጉት የስምምነት ሰነድ የበኒ ዐውፍ አይሁዶችን ከምእመናን ጋር አንድ ማኅበረሰብ አድርጎ ይቆጥራል፤ አይሁዶች ሃይማኖታቸው፣ ሙስሊሞችም ሃይማኖታቸው አላቸው ይላል። በኋላ በመዲና በተፈጠሩ ግጭቶች ነገሩ ተበላሽቷል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ሰነዱ ግን የእምነት ወገንተኝነትና የአብሮ መኖር ውል ጎን ለጎን ሊቆሙ እንደሚችሉ ያሳያል። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት አንዱ ወንድም መስጂድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ቤተሰብ ሲኖር ሰው የማይገረመው ለዚህ ይመስለኛል።

በሙስሊሞች ትውፊት በኋላ እስልምናን የተቀበሉት ነጃሺ በሞቱ ጊዜ፣ ነብዩ መዲና ላይ ሶሃባዎቻቸውን አሰልፈው ሩቅ ሆነው የጀናዛ (ለሟች የሚሰገድ) ሶላት ሰገዱላቸው። ይህ በቡኻሪ ሐዲስ የተመዘገበ ነው። ሻፊዒዎችና ሐንበሊዎች ከዚህ ተነስተው በሩቅ ለሞተ ሙስሊም መስገድ ይቻላል አሉ። ሐነፊዎችና ማሊኪዎች ደግሞ ለነጃሺ ብቻ የተደረገ ነው አሉ። እስከ ዛሬም በዚሁ እንደተለያዩ ናቸው፤ ነጃሺን ግን ሁሉም ወንድማችን ይሏቸዋል።