በባሕር ዳርና አካባቢዋ የደረሱ የጅምላ ተኩስ ግድያዎች

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በአንድ ቀን በርካታ ሰዎች በጥይት የተገደሉባቸው ክስተቶች ተደጋግመዋል። እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች የጅምላ ተኩስ የሚባለው ብዙውን ጊዜ አንድ ግለሰብ በትምህርት ቤት ወይም በገበያ የሚያደርሰው ጥቃት ነው፤ በጣና ዳርቻ ግን ተኩሱ በዋናነት ከፖለቲካ ግጭት የሚነሣ ነው።

እሑድ ነሐሴ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር አደባባይ የወጣው ሕዝብ፣ ከሳምንት በፊት በጎንደር እንደሆነው ሁሉ፣ የወልቃይትን የማንነት ጥያቄና የፖለቲካ ለውጥ ፍላጎቱን ይዞ ነበር። የጸጥታ ኃይሎች በከፈቱት ተኩስ በከተማዋ በዚያ አንድ ቀን ቢያንስ 30 ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል አስታውቋል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት ያቀረበው ሪፖርት ደግሞ በተቃውሞው ወራት በመላው የአማራ ክልል የሞቱትን 140 ያደርሳቸዋል። ሁለቱ የሚሸፍኑት ቦታና ጊዜ የተለያየ ስለሆነ፣ አንዱን በሌላው ማስተባበል ስሕተት ነው።

ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በስብሰባ ላይ የነበሩት የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና አማካሪያቸው እዘዝ ዋሴ ተገደሉ፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ምግባሩ ከበደም በቁስላቸው ምክንያት ሕይወታቸው አለፈ።

ከሁሉ የከፋው የመራዊ ነው። ከተማዋ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአስተርዮ ማርያም ዋዜማ፣ የመከላከያ ሠራዊትና የፋኖ ታጣቂዎች በከተማዋ ተዋጉ። ኮሚሽኑ ፋኖን ደግፋችኋል በሚል ጥርጣሬ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ማረጋገጡን፣ ቁጥሩም ከዚህ ሊበልጥ እንደሚችል ገልጿል። የተገደሉት በተኩስ ልውውጥ መካከል ድንገት የተገኙ ሳይሆኑ በጥርጣሬ ተለይተው የተገደሉ በመሆናቸው፣ ድርጊቱን በጦርነት ከሚደርስ የተለመደ ጉዳት ጋር መቁጠር አይገባም።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በዋናነት የሚመለከተው በግለሰብ እጅ ያለውን መሣሪያ ነው። ነሐሴ 1ም ሆነ መራዊ ላይ ሰላማዊ ሰዎችን የገደለው ጥይት ግን በሕግ ከታጠቁ ሰዎች እጅ የወጣ ነው።

ከሰኔ 15 በኋላ በመላ አገሪቱ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላም በክልሉ ኢንተርኔት ስለተቋረጠ፣ መረጃ በወቅቱ መሰብሰብ አዳጋች ነበር። ቁጥሮቹ «ቢያንስ» በሚል ቃል የሚጀምሩት አንድም በዚህ ነው፤ እነሱም የሚናገሩት ስለ ሟቾች ብቻ ሲሆን፣ ቆስለው የተረፉትንና አካላቸው የጎደለውን አይጨምሩም።