«ዶሻ» በሽታ አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም

ሰሞኑን «ዶሻ ምንድን ነው?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ነው። አዩርቬዳ የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና ነው፤ ሰውነትን ዶሻ የሚባሉ ሦስት ኃይሎች ይመሩታል ይላል፣ ቫታ (የነፋስ)፣ ፒታ (የእሳት) እና ካፋ (የውኃና የመሬት)። እኛ ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃና መሬት ብለን ባሕርያተ ሥጋን እንደምንቆጥረው ዓይነት ነው።

ለምሳሌ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ቢሮ ያለች ጓደኛዬ ቁርስ ሳትቀምስ ሦስት ስኒ ቡና ትጠጣና ሪፖርት ስታጣድፍ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊትም እንቅልፍ የላትም። አዩርቬዳ ይህን «ቫታ በዛ» ይለዋል። ምክሩ ትኩስ ምግብ በሰዓቱ፣ ረጋ ያለ ትንፋሽ፣ በጊዜ መተኛት ነው። በዶሻ ባታምኑም ይህን ምክር ሞክሩት።

ዶሻ ግን በላብራቶሪ አይለካም፤ የእናንተ የቱ ነው የሚለው እንደ ባለሙያው ሊለያይ ይችላል። እርግጡ ነገር በአዩርቬዳ ስም የሚሸጠው እንክብል ላይ ነው። ለምሳሌ አሽዋጋንዳ የሚባለው ዕፅ ለነፍሰ ጡር አይመከርም፣ ከታይሮይድና ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋርም ሊጋጭ ይችላል። እባካችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትውጡ!