ስለ ሚያዝያ 12ቱ ሰልፍ የሚወራውና ወረቀቱ የሚለው

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ቅዳሜ ነበር። የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ። ሰልፈኛው ከ100,000 በላይ እንደነበር ይነገራል። መርካቶም ሆነ ፒያሳ ስለዚህ ቀን የሚያወራ አይጠፋም። የሚያሳዝነው ግን አብዛኛው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ወይም ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ገብቶ የዘመኑን ጽሑፍ የሚያገላብጥ ጥቂት ነው።

«ሕጉ እኮ ሁሉንም እኩል ያይ ነበር፤ ምን ጎደለባቸው?» ይሄን በጣም እሰማለሁ። የ1948ቱን የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነጋሪት ጋዜጣ ላይ እዩት። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው የታተመው። አንቀጽ 37 ማንም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃ አይነፈግም ይላል። አንቀጽ 38 በኢትዮጵያውያን መካከል አድልዎ እንዳይደረግ ይከለክላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። ወደ አንቀጽ 126 ዝለሉ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ መንግሥትም ይደግፋታል፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚህ እምነት ተከታይ ይሆናል ይላል። ሁለቱም በአንድ ሰነድ ውስጥ ነው ያሉት። «ሀገር የጋራ፣ ሃይማኖት የግል» እየተባለ ያደገ ሙስሊም፣ የገዛ በዓሉ ግን የሥራ ቀን ሆኖበት፣ ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

«ጥያቄው የበዓል ብቻ ነበር» የሚሉም አሉ። በዓል ነበረበት። ግን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለልጅ እንዳልካቸው መኮንን የቀረበው ጥያቄ 13 ነጥብ ነበረው። መሬት አለበት። የመንግሥት ሥራ፣ የዳኝነትና የውትድርና ቦታ አለበት። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይም አለ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ይቅር፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን የሚልም ነበር። ለኔ ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው ነው። ሰው በተወለደበት አገር እንደ እንግዳ ሲጠራ ኖሯል ማለት ነው።

«ሙስሊሙ ብቻውን ነው የወጣው» ስህተት ነው። ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል።

«በዓሉን የሰጣቸው ደርግ ነው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ስለሆነ ቶሎ ያሳስታል። ቀኖቹን በቅደም ተከተል ደርድሯቸው። ሰልፉ ሚያዝያ 1966። ደርግ የተቋቋመው ሰኔ 1966። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል የሆኑት በዚያው በ1967። የገጠር መሬት አዋጅም የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። ጥያቄው አደባባይ ሲወጣ ደርግ የሚባል ነገር ገና አልነበረም። አዋጁን ደርግ አወጀ፤ ጥያቄውን ያነሳው ግን ሕዝቡ ነው።

የውጭ ጋዜጣ የምታነቡ ደግሞ ቀን ስትመልሱ ተጠንቀቁ። ለሰልፉ 8 ዓመት ትደምራላችሁ፤ ኤፕሪል 20 ቀን 1974 ይሆናል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ግን የሚደመረው 7 ነው። ሁሉንም በ8 የሚያሰላ ሰው ንጉሡን በ1975 ያወርዳቸዋል። እሳቸው የወረዱት ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 ነው። በኛ አቆጣጠር ሰልፉና የንጉሡ መውረድ በሁለት ዓመት ላይ ይውላሉ፤ በፈረንጆቹ ግን አንድ ዓመት ነው።

«ጋዜጣ ላይ ከወጣ አለቀ» የሚለውንም አልቀበልም። አዲስ ዘመን የመንግሥት ጋዜጣ ነበር። ማመልከቻው ደግሞ የጻፉትን ሰዎች ድምፅ ነው የሚያሰማን። መፈክሩን ማን ጻፈው? እናቶች ልጆቻቸውን ሲሸኙ ምን አሉ? ይሄን ከወረቀቱ አታገኙትም። ያን ቀን 20 ዓመቱ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ካሉ፣ ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። ቀን ቢምታታባቸው አታቋርጧቸው። እሱን በኋላ ከጋዜጣው ጋር ታመሳክሩታላችሁ።