ጂአይኤስ እና የድረ ገጽ ካርታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጂአይኤስ ካርታ መሳያ ፕሮግራም ነው»

የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓትን፣ በተለመደው አጠራሩ ጂአይኤስን፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቢሮ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ባለቀለም ካርታ በኩል ስለሆነ ሥራው ሁሉ ሥዕል ይመስለዋል። ካርታው ግን የሥርዓቱ አንድ ውጤት ነው። የጂአይኤስ እምብርት ሠንጠረዥ ሲሆን ከተራ ሠንጠረዥ የሚለየውም እያንዳንዱ ረድፍ የሚገልጸው ነገር በምድር ላይ የት እንደሚገኝ አብሮ መያዙ ነው። ለምሳሌ የአንድ ወረዳ የውሃ ተቋማት መዝገብ እንውሰድ። በአንዱ ረድፍ የጉድጓዱ ዓይነት፣ የተቆፈረበት ዓመት፣ ጥልቀቱ እና አሁን ውሃ ይሰጥ እንደሆነ ይጻፋል፤ ከዚሁ ጋር የቦታው ነጥብ ተያይዞ ይቀመጣል። ነጥቡ ስላለ ብቻ «ከሚሠራ የውሃ ተቋም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚርቁት ጎጦች የትኞቹ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ ካርታ ካልሆነም ግድ የለም፤ በአንድ ገጽ የሰፈረ የጎጦች ስም ዝርዝር ይበቃል።

የሙያው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1960ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ካናዳ የመሬት ሀብቷን ለመመዝገብ ስትነሳ፣ የተለያዩ ካርታዎችን አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ስፋትን በእጅ መለካት ከባለሙያዎቿ አቅም በላይ ሆነ፤ የጂኦግራፊ ባለሙያው ሮጀር ቶምሊንሰን ሥራውን ለኮምፒውተር ያቀረበውም በዚህ ምክንያት ነበር። የመጀመሪያው ፍላጎት ስሌት ነበር ማለት ነው። ሐሳቡ ራሱ ከኮምፒውተርም ይቀድማል፤ በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው በለንደን በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች በካርታ ላይ ምልክት እያደረገ፣ ሟቾቹ በብሮድ ጎዳና በነበረ አንድ የውሃ ፓምፕ ዙሪያ መብዛታቸውን አሳይቷል።

«ጂፒኤስና ጂአይኤስ አንድ ናቸው፤ ሳተላይቱም የት እንዳለሁ ያያል»

ጂፒኤስ ነጥብ ማግኛ፣ ጂአይኤስ ደግሞ ነጥቡን ከሌላ መረጃ ጋር አዋህዶ መመርመሪያ ነው። ሳተላይቶቹም ማንንም አያዩም። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እየዞሩ ሰዓታቸውንና የራሳቸውን ቦታ ብቻ ያሰራጫሉ፤ ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ የሚያሰላው እጅ ላይ ያለው ስልክ ነው። ስልኩ የደረሰበትን ስሌት በኢንተርኔት ለሌላ ወገን ሊልክ ይችላል፤ ያ ግን የስልኩ እንጂ የሳተላይቱ ሥራ አይደለም።

ሌላው ስሕተት ስልኩ የጻፈውን አኀዝ ሁሉ ማመን ነው። በዲግሪ በተጻፈ የቦታ ቁጥር ከአሥርዮሽ ነጥብ በኋላ ያለው ሰባተኛ አኀዝ በመሬት ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ሲሆን፣ ተራ ስልክ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ እንኳ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ደግሞ ከዚያም በላይ ይስታል። የአኀዙ መርዘም ትክክለኛነትን አያመጣም።

«ሁለቱ ቁጥሮች ካሉ ቦታው ታወቀ»

ከተሳሳቱት አመለካከቶች ሁሉ በሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያባክነው ይህ ነው ባይ ነኝ። በአንድ ወቅት ከመስክ የመጣልኝን የጤና ኬላዎች ዝርዝር ስከፍት፣ አዲስ አበባ ዙሪያ መታየት የነበረባቸው ነጥቦች ከጣሊያኗ የሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ላይ ተሰብስበው አገኘኋቸው። ምክንያቱ ቀላል ነበር። አዲስ አበባ በኬክሮስ 9.03፣ በኬንትሮስ 38.74 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ ቁጥሮቹ ሲገለባበጡ የሚጠቁሙት በትክክል ያንን ባሕር ነው። በሰው ልማድ ኬክሮስ ይቀድማል፤ ድረ ገጽ ላይ ካርታ ለማሳየት በሰፊው የሚሠራበት ጂኦጄሰን የተባለው የፋይል ዓይነት ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል። ሁለቱም ሳጥኖች ባዶ ሆነው እንደ ዜሮ ሲነበቡ ደግሞ ነጥቡ ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ወጣ ብሎ የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይወድቃል። እነዚህ ስሕተቶች ግን ባሕር ላይ ስለሚታዩ ደግ ስሕተቶች ናቸው።

አደገኛው የማይታየው ነው። ምድር ፍጹም ድቡልቡል ስላልሆነች ቦታን በቁጥር ለመግለጽ በቅድሚያ የምድርን ቅርጽ የሚወክል አንድ መነሻ መምረጥ ያስፈልጋል፤ ባለሙያዎች ዳተም ይሉታል። የዛሬው ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ነባር ባለ1:50,000 ካርታዎች ግን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው። የአንዱ ቦታ ሜትር ነክ ቁጥር (በዲግሪ ፈንታ በሜትር የተጻፈው) በሁለቱ መካከል ወደ 200 ሜትር ያህል ይለያያል። ከአሮጌው ካርታ የተነበበን ቁጥር በስልክ ይዞ ወሰን ፍለጋ የወጣ ሰው ሌላ ሰው ማሳ ላይ ቆሞ ሊከራከር ይችላል፤ ቁጥሩንም ካርታውንም በትክክል አንብቦ ሳለ።

በዚህ ላይ ሜትር ነክ ቁጥሮቹ ዞን አላቸው፤ ይህ የአስተዳደር ዞን ሳይሆን ምድር ከሰሜን ወደ ደቡብ የተከፈለችበት ባለቁጥር ቁራጭ ነው። ኢትዮጵያ በሦስት ዞኖች ላይ ትዘረጋለች፦ ጋምቤላ በ36፣ አዲስ አበባ በ37፣ ጅግጅጋ በ38 ውስጥ ይገኛሉ። ያው ጥንድ ቁጥር በእያንዳንዱ ዞን ውስጥ ሌላ ቦታን ስለሚጠቁም፣ ዞኑና ዳተሙ ያልተጻፈበት የመስክ ቅጽ ከመነሻው ጎዶሎ ነው።

«ካርታው ላይ ሰፊ የሚመስለው አገር ሰፊ ነው»

በድረ ገጽ ካርታ ላይ አጉልቶ ሳያቀርቡ ዓለምን ለሚመለከት ሰው ግሪንላንድ ከአፍሪካ ጋር የምትወዳደር ትመስላለች፤ አፍሪካ ግን በስፋት 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። ክብ ምድርን ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ለማስፈር ቅርጽ ወይም ስፋት ወይም ርቀት፣ አንዱ መጎዳቱ አይቀርም፤ የዝርጋታው ስልት ፕሮጀክሽን ይባላል። አብዛኞቹ የድረ ገጽ ካርታዎች ካርታ ሠሪው መርካቶር በ1569 ለመርከበኞች ካዘጋጀው የመነጨውን ስልት ይጠቀማሉ፤ ይህም አቅጣጫንና የትንሽ ቦታን ቅርጽ ጠብቆ ስፋትን ይሠዋል። የመንገድ ማዕዘን በየትኛውም ከተማ ማዕዘን ሆኖ ስለሚታይ ለመንገድ ፈላጊ ይስማማል። በሴራ የተመረጠ ነው የሚሉ አሉ፤ ምክንያቱ ግን ለሥራ መመቸቱ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው በዚያው ስልት ላይ ቀጥታ ሲለካ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው አዲስ አበባ ርዝመት ከአንድ በመቶ ትንሽ በለጥ ብሎ ብቻ ይጋነናል፤ ስቶክሆልም ላይ ግን ርዝመት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ ስፋትም አራት እጥፍ ሊደርስ ይቃረባል። ስለዚህ የማሳ ስፋት ከመሰላቱ በፊት ውሂቡ ስፋትን ወደሚጠብቅ ወይም ለአካባቢው ወደተዘጋጀ ፕሮጀክሽን ይለወጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ስሕተቱ ትንሽ መሆኑ አንዳንዱን ባለሙያ አዘናግቶታል።

«የድረ ገጽ ካርታ አንድ ትልቅ ሥዕል ነው፤ የሳተላይቱም ምስል የአሁን ነው»

ኔትወርክ ሲደክም ካርታው እንደ ተቆራረጠ ምንጣፍ በአራት ማዕዘን ቁራጮች እየተሞላ ሲመጣ ያላየ የለም። አሠራሩ ይኸው ነው። ዓለም ዜሮ ተብሎ በሚቆጠረው በመጀመሪያው ደረጃ 256 በ256 ፒክሴል (የምስል ነጠብጣብ) በሆነ አንድ ቁራጭ ትያዛለች፤ አንድ ደረጃ በቀረብን ቁጥር እያንዳንዱ ቁራጭ በአራት ይከፈላል። ደረጃ 18 ላይ ዓለምን ለመሸፈን ከ68 ቢሊዮን በላይ ቁራጮች ያስፈልጋሉ፤ ስልኩ የሚጠይቀው ግን መስኮቱ ላይ የሚታዩትን ጥቂቶቹን ብቻ ነው። አሁን አሁን ከሥዕል ይልቅ መስመሮቹንና ነጥቦቹን በጥሬው ልኮ ቀለሙን ስልኩ እንዲቀባ ማድረግ እየተለመደ መጥቷል።

የሳተላይት ምስሉን በሚመለከት፣ ግቢዬ ውስጥ ያቆምኩት መኪና አሁን ይታያል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የሚያየው ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት የተነሣ ምስል ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሠፈሮች የተለያየ ዓመት ምስል ሊሆኑም ይችላሉ። በክረምት ደመናው ስለማያስነሣ በደጋው የሚመረጠው የበጋ ምስል ነው፤ ካርታው ላይ ደርቆ የታየ መሬት ሁልጊዜ ደረቅ ነው ማለት አይደለም። ሳተላይት ሁሉ ቤት ይቆጥራል ማለትም አይደለም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ያመጠቀችው የኢቲአርኤስኤስ-1 ሳተላይት አንዱ ፒክሴል 14 ሜትር ገደማ ይሸፍን ነበር፤ የተሠራው ለሰብልና ለደን ክትትል እንዲጠቅም እንጂ ጎጆ ለመለየት አልነበረም። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 በ10 ሜትር፣ የአሜሪካው ላንድሳት በ30 ሜትር ያነሣሉ፤ የሁለቱም ምስል በነጻ ይገኛል።

«ካርታው ላይ ከሌለ የለም»

በ2004 የተጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው የዓለም ካርታ በበጎ ፈቃደኞች የሚሞላ ነው። በ2010 ሃይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የዋና ከተማዋ የፖርት ኦ ፕሪንስ ጎዳናዎች በብዛት የተሣሉት ከአደጋው በኋላ በነበሩት ቀናት፣ ከሩቅ አገር ሆነው የሳተላይት ምስል እያዩ በሚሠሩ ሰዎች ነው። ከተማዋ ከዚያ በፊትም ነበረች፤ ያልነበረው የሣላት ሰው ነው። ባዶ የሚታይ ገጠርም ብዙውን ጊዜ ያልተጎበኘ እንጂ ሰው የማይኖርበት አይደለም።

«ሶፍትዌሩ ውድ ነው»

ውድ የሆነ አለ። ኪውጂአይኤስ ግን ከ2002 ጀምሮ በነጻ የሚሠራጭ ሲሆን ከዕለት ተዕለት ሥራ አብዛኛውን ይሸከማል፤ ድረ ገጽ ላይ ካርታ ለማውጣትም ሊፍሌት የተባለው ነጻ መሣሪያ አለ። ገንዘብ የሚበላው መስክ ወጥቶ ውሂብ መሰብሰቡና ማደሱ ነው።

«ጂአይኤስ አማርኛ አይችልም»

ይህን የሚሉት አማርኛ የጻፉበት ዓምድ በማግስቱ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ የጠበቃቸው ናቸው። ጥፋቱ ግን የቋንቋው አይደለም፤ ሼፕፋይል የተባለው አሮጌ የፋይል ዓይነት ያመጣው ነው። ሼፕፋይል ለዓምድ ስም የሚፈቅደው 10 ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ሲሆን፣ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ የዓለምን ፊደላት በሚወክለው የኮምፒውተር ኮድ፣ የተለመደ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚገባው ሦስት ፊደል ብቻ ነው። «ወረዳ» እና «ቀበሌ» ልክ ልካቸውን ይገባሉ፤ «የቤት ቁጥር» ግን ተቆርጦ ይቀራል። የጥያቄ ምልክቱ የሚመጣው ፋይሉ የግዕዝ ፊደል በማይዝ ኮድ ሲቀመጥ ነው፤ ጽሑፉ በምን ኮድ እንደተጻፈ የሚናገረው ትንሹ ተጓዳኝ ፋይል ከጠፋ ደግሞ ጽሑፉ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጂኦፓኬጅ የተባለው አዲሱ ዓይነት ይህ ገደብ የለበትም፤ ሁሉንም በአንድ ፋይል ይይዛል።

የሚቀረው የፍለጋ ችግር ነው። ለኮምፒውተር «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ» እና «አዋሳ» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ቢሾፍቱ»ን የሚያውቀው መዝገብም «ደብረ ዘይት» ብሎ ለጻፈ ሰው ምንም አላገኘሁም ይላል። መፍትሔው አንዱን ስም መርጦ ሌላውን መደምሰስ ሳይሆን፣ ለአንዱ ነጥብ ዋናውን ስም በአንድ ዓምድ፣ ቀሪዎቹን አጻጻፎችና የቀድሞ ስሞች በሌላ ዓምድ መያዝ ነው፤ ያኔ «አዳማ» ብሎ የጻፈም «ናዝሬት» ብሎ የጻፈም ያው ከተማ ላይ ይደርሳል።