በግሉ የሚሠራ ሰው የጡረታ መዋጮ በአሜሪካ የግብር ማስታወቂያ ላይ

በአሜሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የጡረታ መዋጮውን አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ስለሚያስገባለትና መጠኑም በዳብልዩ-2 (አሠሪው በየዓመቱ በሚሰጠው የደመወዝ መግለጫ ቅጽ) ላይ ተመዝግቦ ስለሚደርሰው፣ የግብር ማስታወቂያውን ሲሞላ በዚህ ረገድ ብዙ የሚያስጨንቀው ነገር የለም። በግሉ የሚሠራው፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚያደርጉት ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳው፣ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ስለሆነ መዋጮውን የሚያሰላውም፣ የሚያስገባውም፣ በቅጹ ላይ የሚያሰፍረውም እሱው ነው። ለዚህ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣውና በኒው ዮርኩ የምክር ቤት አባል በዩጂን ኪዮ ስም የሚጠራው ሕግ ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራባቸው ሴፕ አይ.አር.ኤ. (በግል ለሚሠሩና ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚመች የጡረታ ሂሳብ) እና ሶሎ 401ኬ (ሠራተኛ ያልቀጠረ ባለቤት ለራሱ የሚከፍተው የጡረታ ሂሳብ) ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ስህተት የሚበዛው መዋጮው የሚጻፍበት ቦታ ላይ ነው። የነዳጅ፣ የኢንሹራንስና የጥገና ወጪ በሼጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚሞላበት ቅጽ) ላይ ስለሚቀነስ የጡረታ መዋጮም እዚያው የሚገባ ይመስላል፤ በሼጁል ሲ ያለው የጡረታ መስመር ግን ባለቤቱ ለቀጠራቸው ሠራተኞች ለከፈለው ብቻ ነው። የራሱ መዋጮ የሚሰፍረው በሼጁል 1 (ከዋናው የግብር ማስታወቂያ ጋር በሚያያዘው የተጨማሪ ገቢና ተቀናሽ ቅጽ) ሲሆን፣ በ2024ቱ ቅጽ መስመር 16 ላይ ይገኛል። ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሼጁል 1 የሚቀነስ ገንዘብ የገቢ ግብርን እንጂ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለመንግሥት የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና ዋስትና) የሚከፈለውን 15.3 በመቶ አይነካም፤ ያ ግብር የሚሰላው መዋጮው ሳይቀነስ በፊት ባለው ትርፍ ላይ ነውና።

ለሴፕ የሚፈቀደው የገቢው 25 በመቶ ነው ሲባልም ስሌቱ እንደሚሰማው ቀላል አይደለም። የተጣራ ትርፉ 50,000 ዶላር የሆነ ሰው በቅድሚያ የትርፉን 92.35 በመቶ ወስዶ በ15.3 በመቶ ያባዛል፤ ውጤቱም፣ ማለትም ከላይ የተጠቀሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር፣ 7,065 ዶላር ገደማ ይሆናል። የዚህን ግማሽ ከትርፉ ሲቀንስ 46,468 ይቀራል። 25 በመቶው የሚታሰበው መዋጮው ራሱ ከተቀነሰ በኋላ በሚቀረው ገቢ ላይ ስለሆነ፣ በተግባር ከዚህ ቀሪ 20 በመቶው፣ ማለትም 9,293 ዶላር ገደማ ይፈቀድለታል። የ50,000ውን ሩብ 12,500 ዶላር ያስገባ ሰው ከጣሪያው አልፏል፤ ከጣሪያው ያለፈ መዋጮ ደግሞ ቅጣት ያስከትላል። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የአይ.አር.ኤስ. መመሪያ ቁጥር 560 ለዚህ ስሌት የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አለው።

ሶሎ 401ኬ እንደ ሠራተኛም መዋጮ ስለሚያስችል (ለ2024 እስከ 23,000 ዶላር)፣ ትርፉ አነስተኛ ለሆነ ሰው ከሴፕ የበለጠ እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። ሆኖም በሮዝ (ግብር አስቀድሞ ተከፍሎበት በሚገባበት አማራጭ) በኩል የገባው ገንዘብ አይቀነስም፤ የሂሳቡ ሀብት በዓመቱ መጨረሻ ከ250,000 ዶላር ካለፈም 5500-ኢዜድ የሚባል ተጨማሪ ቅጽ ይጠየቃል።

የሴፕ ጥቅሙ ጊዜ መስጠቱ ነው። የግብር ማስታወቂያውን ለማቅረብ ማራዘሚያ የጠየቀ ሰው የ2024ን መዋጮ እስከ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ድረስ ማስገባት ይችል ነበር፤ ለተራው አይ.አር.ኤ. (ማንኛውም ሠራተኛ በግሉ ለሚከፍተው የጡረታ ሂሳብ) ግን ማራዘሚያ ቢጠየቅም ቀኑ ኤፕሪል 15 ነው። በዚህ መልክ ዘግይቶ የገባ የሴፕ መዋጮ ሂሳቡን የያዘው ተቋም በሚልከው 5498 ቅጽ ላይ ገንዘቡ በገባበት በ2025 ስር ይመዘገባል፤ በግብር ማስታወቂያው ላይ የሚቀነሰው ግን ከ2024 ገቢ ነው።